ድርቅ ፍለጋ በዝናብ ወደ ቁይ

ማለዳ፣ ደብረ ማርቆስ

ገና ሊነጋ ሲል ከሆቴሉ በር ቆሜ፣ ዝናብ እየደበደበኝ፣ ድርቅ የሚያጠናውን ሰው እጠብቃለሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ማርቆስ በታኅሣሥ የምትታወቀው በብርዷ ነበር። ዘንድሮ ግን ሰማዩ ካላንደር ማየት የተወ ይመስላል።

የምጠብቀው ዶክተር ምሥጋናውን ነው። አንድ ክፍል ተምረናል። እኔ ጋዜጣ ላይ ስቀር እሱ የአየር ንብረት ተመራማሪ ሆነ። ሥራው የዛፍ ግንድ ማንበብ ነው። ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዝናብ ሲጠግብ ሰፊ፣ ሲጠማ ቀጭን። የቆየ ጥድ ያገኘ ሰው የድሮ ድርቆችን አንድ በአንድ ያነባል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥድ የቀረው ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ብቻ ነው፤ ሌላውን ስለ ደን ጥቅም እየተማርን ቆርጠን ጨርሰነዋል።

ትናንት አብረን የዋልንበት ዐውደ ጥናት ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ነበር። ተሳታፊው የመኪና ጭስ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመስማት እያንዳንዱ በየራሱ መኪና መጥቷል። አንድ ኃላፊ ስለ ውሃ እጥረት አንጀት የሚበላ ንግግር አደረጉ። ሲጨርሱ ጠረጴዛው ላይ በግማሽ የተተወውን የፕላስቲክ ውሃ ዐይቼ፣ እጥረቱ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

መኪናው ደረሰ። ሾፌሩ ጋሽ አደራው ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው።

"ዶክተር፣ የምንሄደው ለድርቅ ነው ያሉኝ?"

"አዎ፣ ጋሽ አደራው።"

"መልካም" አሉና የዝናብ መጥረጊያውን አስነሡ።

ረፋድ፣ ከቁይ ወዲህ

ግራና ቀኙ የታጨደ ጤፍ ነው። ያልተከመረው እንደታጨደ ጭቃ ላይ ተኝቷል፤ የተከመረውም ላስቲክ ለብሶ ያንጠባጥባል። ጥቁሩ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ደግሞ የያዘውን አይለቅም። እኛንም አለቀቀንም። ጎማው እስከ ወገቡ ገባ።

ገበሬዎች ሳንጠራቸው መጥተው ይገፉ ጀመር። ከመሀላቸው አንዱ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የሰበሰበ ሰው፣ ለምን ጉዳይ እንደመጣን ጠየቀ።

"ድርቅ እናጠናለን" አለ ምሥጋናው።

ሰውየው እግሩን ከጭቃው መንጭቆ አወጣ። "ደግ ነው። ካገኛችሁት ለእኛም ትንሽ ላኩልን፤ ጤፉ ሊበሰብስብን ነው።"

ምሥጋናው ቀልዱን በቁም ነገር ወሰደው። ዓለም ሲሞቅ ዝናቡም ድርቁም ቅጥ እንደሚያጣ፣ አንድ ዓመት ጎርፎ በሌላው እንደሚጠፋ ዝናብ ላይ ቆሞ አስረዳ። ገበሬው በደንብ አዳመጠና፣ "ታዲያ ይሄ የዛሬው ከዚያ የመጣ ነው?" አለ።

"ሊሆን ይችላል። አንድን ዝናብ ብቻ ዐይቶ ግን ከዚህ ነው ለማለት..."

 ሰውየው ወደ መግፋቱ ተመለሰ።

ቀትር፣ ቁይ

ቁይ ገበያው ቀዝቅዟል። ጾም ስለሆነ የምሳው ዝርዝር አጭር ነው፤ ሽሮ አለ፣ ሽሮ ካልወደዱ ደግሞ ሽሮ። ምሥጋናው አልበላም። ዛሬ የሚሄድበት ደብር በጥናቱ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በፊት የሄደባቸው ወይ አልፈቀዱለትም፣ ወይ ዛፎቻቸው ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ተገኝቷል። ናሙና ሳይይዝ ቢመለስ ሦስት ዓመት የለፋበት ጥናት ይዘጋል።

"እኔ የምለው፣ ድርቅ ማጣትም እንዲህ ያስጨንቃል?" አልኩት። አልሳቀም።

ከቀትር በኋላ፣ ከቁይ ወጣ ብሎ ያለው ደብር

ስንደርስ ሕዝቡ ምህላ ላይ ነው። ዝናቡ እንዲያቆም ነው የሚለምኑት። "እግዚኦ" የሚለው ድምፅ ከጥዶቹ መሀል ይመጣል። ድርቅ ፈላጊዎቹ እኛ ነጠላችን ርሶ፣ አንገታችንን ደፍተን ከኋላ ቆምን።

ምህላው ሲያበቃ የደብሩ አለቃና የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ይትባረክ ተቀበሉን። አለቃው ሽማግሌ ናቸው፤ መሪጌታ ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ቀጭን ሰው። ምሥጋናው ከግንድ ናሙና የሚስብበትን መሰርሰሪያ አወጣ። ቀዳዳው እርሳስ እንደሚያህል፣ ዛፉም እንደማይሞት አስረዳ።

አለቃው ብረቱን በእጃቸው መዘኑት። "ሕዝቡ እያለቀሰ እናንተ የደብሩን ዛፍ ስትበሱ ቢያይ፣ ነገም በረዶ ቢወርድ፣ በማን ይመጣል?"

"በእኔ ይምጣ፣ አባታችን።"

"እርስዎማ ማርቆስ ይገባሉ። በእኔ ነው የሚመጣው።" መሰርሰሪያውን መለሱለት።

ምሥጋናው ደጋግሞ ለመነ፤ አለቃው ደጋግመው እንቢ አሉ። በመጨረሻ መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። "ድርቅ ፍለጋ ከሆነ የመጡት፣ አለቃችን አሉልዎ። ከእሳቸው የባሰ ድርቅ የትም አያገኙ።"

አለቃው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። መሪጌታ ፈገግታውን ተጠቅመው፣ ባለፈው ክረምት ነፋስ የጣለው ጥድ ከቤተልሔሙ ጀርባ መኖሩን አነሡ።

"የወደቀውማ ወድቋል" አሉ አለቃው። "እሱን ይውሰዱ።"

ምሥጋናው ከግንዱ ክብ ቁራጭ በመጋዝ አወጣ፤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። ከዚያ ዣንጥላ አስይዞኝ፣ ማጉያ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ደቅኖ፣ ከልጡ ወደ ውስጥ በመርፌ ጫፍ እየነካ መቁጠር ጀመረ። መሪጌታ አጠገቡ ቁጢጥ ብለዋል፤ ጋሽ አደራውም ከመኪናው ወርደው ከኋላችን ቆመዋል። አንድ ቦታ ላይ መርፌው ቆመ።

"እዚህ ጋ ክፉኛ ተጎድቷል።" ቀለበቶቹ እንደ ክር ቀጥነው ተጣብቀዋል።

"መቼ ነው?" አሉ መሪጌታ።

"ሰባ ሰባት ይመስለኛል። ወይም ከዚያ በፊት ያለው። ላቦራቶሪ ገብቶ ካልተረጋገጠ..."

"እዚህም?" አሉ መሪጌታ። "እዚህ ቁይም?"

"ዝናቡ እዚህም አንሶ ነበር።"

መሪጌታ ማጉያውን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ሲናገሩ ቀልዳቸው ጠፍቷል።

"እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። በዚያ ዓመት ነው ከእናቴ ጋር ዓባይን የተሻገርነው። ታናሽ እኅቴ በመንገድ ቀረች። በየደጁ ስንቆም 'እግዚአብሔር ይስጥልን' እያሉ ባዶ እጃችንን ይሸኙን ነበር። ለእኔ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነበር። እናቴ እዚህ ቅጽር ደርሳ ጋደም አለች፤ አልተነሣችም። አሳዳጊዬ የኔታ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ይኸው ቅኔ ተምሬ፣ ቅኔ አስተምሬ፣ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣም ነበር። እያላቸው ነው የከለከሉን እል ነበር።"

 ከዚያ አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አባቴ ያን ዓመት የዘሩን እህል አበላን። የሚዘራው አልነበረውም።"

መሪጌታ ቀና ብለው አዩአቸው። "ስንት ዘመን አብረን ስናገለግል ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቁኝም። እርስዎም ይህን አልነገሩኝ።"

አለቃው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ግማሹን መሪጌታ ትከሻ ላይ ጣሉት። እኔ ዣንጥላውን ይዤ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ። ምሥጋናው መጋዙን አንሥቶ ሁለተኛ ቁራጭ ቆረጠ፤ ቀጫጭኖቹን ቀለበቶች በእርሳስ ምልክት አደረገባቸውና ለመሪጌታ ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

አመሻሽ፣ ወደ ማርቆስ

ጭቃው ስትመለሱም አለሁ አለን፤ ገፍተን ወጣን። ምሥጋናው ቁራጩን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ ነው። ጋሽ አደራው ከኋላ እንጫነው ቢሉት አልሰጣቸውም።

"ጥናቴ ተረፈ" አለኝ። ደስ ያለው ግን አይመስልም። "የዛሬውን ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ ነው የማስገባው?"

"ምን ይጠይቃል?"

"የናሙናው ዓይነት፣ የተገኘበት ቦታ፣ አስተያየት።"

"አስተያየት የሚለው ላይ ጻፈዋ።"

"ከአንድ መስመር በላይ አይቀበልም።"

ጋሽ አደራው ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ "አንድ መስመር መቼ አነሰ?" አሉ። "ያን ዓመት የከለከሉትም አልነበራቸውም ብለው ይጻፉ።"

ምሥጋናው ስልኩን አውጥቶ ጻፈው። ማርቆስ ስንገባ መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ግን አባርቷል።