በግቢው መሃል የሚያልፍ መንገድ

አርክቴክት ፍሬሕይወት የተወለደችው ሀዲያ ውስጥ ፎንቆ በምትባል ከተማ ነው፤ አባቷ የጤና ረዳት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሆሳዕና ሥራ ስትጀምር የምትነድፈው ቪላ ብቻ ነበር። ደንበኞቿ ከቤቱ በፊት የሚያነሡት የአጥሩን ከፍታ ነው።

በሠላሳ አራት ዓመቷ፣ ሃያ አራት መምህራንና ነርሶች ያቋቋሙት የቤት ማኅበር ሥራ ሰጣት። መሬቱ ከገበያው በላይ ያለ ተዳፋት ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ሁለት ሕንፃ ነደፈች፤ ግራውንዱ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት ሱቅ፣ በሕንፃዎቹ መካከል ደግሞ ማንም የሚያልፍበት መተላለፊያ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ወንዳፈረው፣ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር፣ ወረቀቱን ገፋ አደረጉት።

«የኔ ልጅ፣ እኛ ቤት ነው የጠየቅንሽ። ይሄ መናኸሪያ ነው።»

«ጋሼ፣ መንገዱን እኔ አላመጣሁትም። በገበያ ቀን መጥተው ይዩት።»

ከስድስት አባላት ጋር መጡ። ቅቤና ቆጮ የተሸከሙ ሰዎች ባዶውን መሬት እያቋረጡ ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ፍሬሕይወት አንዲት ቅቤ ሻጭ እናት አስቁማ በሀዲይኛ አነጋገረቻቸው። አቶ ወንዳፈረው ቋንቋውን ስለማይሰሙ ተረጎመችላቸው፦

«ይሄ ከተዘጋ በአስፋልቱ እዞራለሁ ነው የሚሉት። አምና እህታቸውን እዚያ ባጃጅ ገጭቷቸዋል።»

ከዚያ ማኅበሩ ተሰብስቦ ድምፅ ሰጠ። ንድፉ በአሥራ አራት ድምፅ አለፈ። መተላለፊያው በር እንዲኖረውና ማታ እንዲዘጋ ተወሰነ። ፍሬሕይወት በሩን አልወደደችውም፤ ቢሆንም ሣለችው።

ግንባታው አራት ዓመት ፈጀ። አባላቱ በገቡ በመጀመሪያው ክረምት ከሕንፃው ጀርባ የተሰጣ ልብስ ተሰረቀ፤ አንዳንዶቹ በሩ ቀንም ይዘጋ አሉ። ስብሰባ ሲጠራ ፍሬሕይወት ለሌላ ሕንፃ ሥራ ሺንሺቾ ከተማ ነበረች። ደውላ ሐሳቧን መናገር ትችል ነበር። ቤቱ የእነሱ ነው ብላ ተወችው።

በማግስቱ ከአባላቱ አንዷ፣ ነርስ ትዕግስት፣ ደወለችላት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አንደኛ ፎቅ፣ ልክ ከመተላለፊያው አጠገብ የሚኖሩት አቶ ወንዳፈረው በስብሰባው ላይ ተነሥተው «የሰረቀው ሌባ ነው፤ ገበያተኛው ምን አደረገ?» ብለው ነበር። ሱቅ የተከራዩትም ደገፏቸው። በሩ ቀን ቀን ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ልብስ ማስጫው ወደ ጣሪያ ወጣ።

ፍሬሕይወት ጣሪያው ላይ ልብስ ማስጫ አላሰበችም ነበር። በሺንሺቾው ንድፍ ላይ ጨመረችበት።