አየር የሚያሳልፍ ድርያ

ሆዮ ጨርቅ የሚመርጡት በአፋቸው ነበር። ከመደርደሪያው ያስወርዱና እጥፋቱን ይፈቱታል፤ አንዱን ንብርብር ከንፈራቸው ላይ ዘርግተው በወዲያ በኩል መዳፋቸውን ይደቅናሉ። ከዚያ እፍ ይላሉ። ትንፋሹ መዳፋቸው ላይ ከደረሰ ይገዙታል፤ ካልደረሰ ይመልሱታል። መጀመሪያ ሳያቸው ጸሎት መስሎኝ ነበር። በኋላ እኩዮቻቸው ሁሉ እንዲሁ ሲያደርጉ አየሁ። በጅቡቲ፣ በተለይ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ በሚነሳባቸው ወራት፣ ትንፋሽ የማያሳልፍ ልብስ ለብሶ መዋል በቁም መቀቀል ነው።

ሆዮ በሶማልኛ እናት ማለት ነው። ከአገሬ ወጥቼ ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር ተቀጥሬ የገባሁበት ቤት ጌታ እናት ናቸው። ሥራዬ ማብሰልና ማጠብ ቢሆንም ውሎ አድሮ ከእሳቸው ጋር መውጣትና መግባትም ሥራዬ ሆነ። እኔ አፍ የለኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እስከዚያም ድረስ እጄን አውጥቼ የመለስኩት ጥያቄ ትዝ አይለኝም። ለሆዮ ይህ ተመችቷቸዋል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ሶማልኛውንም የለመድኩት እንዲሁ በመስማት ነው። ሶማሌዎች ሴትን ሲጠሩ «ና» ይላሉ። የመጀመሪያው ሰሞን «ና!» ሲሉኝ ለምን እንደ ወንድ እንደሚጠሩኝ ግራ እየገባኝ እሮጥ ነበር።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጃቸው ልታገባ ሆነ። ሙሽራው የሚሠራው ውጭ አገር ስለሆነ ፈቃድ ያገኘው በዚሁ፣ እዚህ ሙቀቱ በሚከፋበት ወር ነው። የሆዮ ሁለት የጥጥ ድርያዎች፣ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሷቸው ሰፋፊ ቀሚሶች፣ ደግሞ ትከሻቸው ላይ ሳስተው ወንፊት መስለዋል። ምራታቸው የሚያብለጨልጭ አዲስ ድርያ ገዝታ አመጣችላቸው። ሆዮ እፍ አሉበትና መለሱላት።

«እንዲህ ያለውን ለብሼ ያለፈው ሰርግ ላይ ወደቅኩ፤ በቃሬዛ ነው ያወጡኝ» አሉ። «ሁለተኛ አልወድቅም። የምለብሰው ካጣሁ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ እሷም በተራዋ፣ «አያቴ አጠገቤ ካልተቀመጠች እኔም አልወጣም» አለች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው ጠፋ። ሁለቱም እንዳሉት የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ጠዋት ሆዮ ሻሻቸውን አስረው፣ «ና፣ ተነሽ። የድሮው ሱቅ እንሂድ» አሉኝ።

ሱቁ መሀል ከተማ፣ ገበያው አጠገብ፣ ቅስት ካላቸው አሮጌ ነጫጭ ቤቶች በአንዱ ሥር ነው። ሆዮ የተዳሩበት ጨርቅ ሳይቀር ከዚያ ነው የተገዛው። እኔ እንኳ ደርሼበታለሁ፤ በሩ አጠገብ ረጅም አግዳሚ ነበረ፤ አሮጊቶቹ እሱ ላይ ይቀመጡና ጣቃ እየወረደላቸው፣ እፍ እያሉበት፣ በቁመታቸው ይቆረጥላቸው ነበር። የዚያን ቀን ስንገባ አግዳሚው የለም። በቦታው ጭንቅላት የሌላት የፕላስቲክ ሴት ጥብቅ ያለ ድርያ ለብሳ ቆማለች።

ሆዮ ዞረው ዞረው አዩዋት። «ይህን የሚለብስ ጭንቅላት እንደሌለው ራሳቸውም አውቀውታል» አሉ።

ከእኛ በፊት ሁለት አሮጊቶች ገብተው ነበር፤ አንደኛዋ ረጅም፣ ሌላዋ ምርኩዝ የያዙ። ረጅሟ አንድ ቀሚስ ገልብጠው ይመረምራሉ።

«ዚፑን እዩት፣ ከጀርባ ነው። ባሌ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ማን ሊዘጋልኝ ነው?»

«ጎረቤት» አሉ ባለምርኩዟ።

«ጎረቤቴ ወንድ ነው።»

«ታዲያ እሱ አይሻልም?»

ሦስቱም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ረጅሟ ቀሚሱን ቶሎ አልመለሱትም። ጎኑን ይዳብሳሉ። የሚፈልጉት ኪስ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የድሮው ድርያ ከውስጥ በኩል ቁልፍና መፋቂያ የሚይዝ ኪስ ነበረው። ሌላም አነሱ፤ ሌላም። አንዱ እጅጌው ጠቦ ለውዱ፣ ከሶላት በፊት ለሚደረገው ትጥበት፣ አይጠቀለልም፣ አንዱ አንገቱ ላይ የተሰፋው ዶቃ ይወጋል። በሁሉም ላይ ደግሞ እፍ አሉ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነበር። የተቆጣ ሰው ፊት አይደለም፤ የሚያውቀው ቤት ሄዶ ሌላ ሰው በር የከፈተለት ሰው ፊት ነው።

ሻጯ ወጣት ናት፤ ስልኳን በአንድ እጇ ይዛ በትሕትና ትመልሳለች። «ሁሉም እንደዚሁ ነው፣ እናቶቼ። ታይ ዩኒክ ነው» አለች።

ሆዮ ወደ እኔ ዞሩ። «ና፣ ምን አለች?»

ሆዮ ትምህርት ቤት ገብቶ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ሁሉ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። እኔ የማውቀው ቦንዡርና ሜርሲን ነው። አላውቅም እንዳልል ሁሉም እያዩኝ ነው። ታይ ሲባል ደግሞ የሰማሁት አንድ አገር አለ።

«ከታይላንድ የመጣ ነው አለች» አልኩ።

ሆዮ ወደ ሱቁ ውስጠኛ ክፍል ተጣሩ። «ሀጂ! ታይላንድ ያሉትን ሴቶች ስትለካ እኔን ለምን ዘለልከኝ?»

ሀጂ የሚሏቸው የሱቁን ባለቤት ነው። ሱቁን ያቆሙት አባታቸው ናቸው፤ አሁን ዕቃ የሚያመጣው ልጃቸው ስለሆነ እሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ይውላሉ። «ምን ታይላንድ?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ልጄ የሚያመጣው ከዱባይ ነው።»

ሻጯ እስክትንበረከክ ሳቀች። ታይ ዩኒክ ማለት አንድ ልክ ለሁሉም የሚሆን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ተነገረኝ።

«ለሁሉም?» አሉ ሆዮ። መጀመሪያ የፕላስቲኳን ሴት፣ ከዚያ የራሳቸውን ወገብ አሳዩ። «ለእሷም ለእኔም?»

እንደገና ተሳቀ። በእኔ አልነበረም፤ እኔ ግን በእኔ የሳቁ መሰለኝ። አፍሬ ሰው ወደማያየኝ ወደ ሱቁ ጥግ ሸሸሁ። እዚያ፣ ከሀጂ ወንበር በስተጀርባ ባለው የላይኛው መደርደሪያ፣ ነጫጭ ጥቅሎች ተደርድረዋል። ሁሉም እኩል ናቸው፤ ሁሉም በራሱ ጨርቅ ቅዳጅ ታስሯል። ለምን እኩል ሆኑ? ለምን ማንም አላወረዳቸውም? ማንም ሳያየኝ አንዱን ሳብኩ፤ ጫፉን ከንፈሬ ላይ አድርጌ እፍ አልኩበት። ትንፋሼ መዳፌ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ደረሰ።

በደስታ ዓይን አፋርነቴን ረሳሁት። «ሆዮ፣ ይኸው! ይኼ ያሳልፋል!»

ሻጯ ስልኳን አስቀመጠች። ባለምርኩዟ በከንፈራቸው የሆነ ነገር አነበነቡ። ሀጂ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ» አሉ፣ «ባለበት መልሽው። ከፈን ነው።»

ከፈን በእኛ መግነዝ የምንለው ነው። አፌን ያሳረፍኩት የሬሳ መጠቅለያ ላይ ነው። ሆዮ መጡና ጥቅሉን ከእጄ ወሰዱ። የሚቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን አንድ እጥፉን ፈትተው፣ ከንፈራቸው ላይ ዘርግተው፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱበት።

«ደረሰ» አሉ። ቀጥለውም ወደ ሻጯ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንድ ልክ ለሁሉም የሚሆነው ይኼ ነው።»

ረጅሟ ሴትዮ ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ።

«ይህን ለሰርግ አልሸጥልሽም» አሉ ሀጂ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«ለሰው ማን ይነግረዋል? አባትህ ይህንኑ ጥጥ ከጣቃ ላይ እየቆረጠ ይሸጥልኝ ነበር። አሁን በሕይወት ላለች ሴት የሚሆን ጥጥ የለህም፤ ያለህ ለሞተች ብቻ ነው። እስክሞት ምን ልልበስ፣ ሀጂ?»

ሀጂ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ከዳር እስከ ዳር አዩዋቸው። ልጃቸው ያመጣውን ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ይመስሉ ነበር፤ ምናልባትም እውነት ነው። ከዚያ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ማሰሪያውን በመቀስ በጠሱት። አምስት ቁራጭ ነበር፤ ለሴት አምስት ነው አሉኝ። አንድ በአንድ አራገፏቸውና፣ የሱቅ ጨርቅ እንደሚታጠፍ፣ በክንዳቸው እየለኩ እንደ አዲስ አጠፏቸው።

«እንደታሰረ አልሰጥሽም» አሉ። «እንደዚያ ሲታጠፍ ከፈን ነው። እንዲህ ሲታጠፍ ጨርቅ ነው።»

ባለምርኩዟ ጠጋ አሉ። «ለእኔም አንድ ፍታልኝ።»

«እናንተ ሴቶች ሱቄን መቃብር ልታደርጉት ነው።»

«ልጅህ ቀድሞናል» አሉ ባለምርኩዟ።

ረጅሟ ግን እንቢ አሉ። «እኔ ላቡ ይሻለኛል» ብለው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ማንም አላግባባቸውም።

ሚኒባሱ ውስጥ ጥቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። «ሆዮ፣ አያስፈራም?» አልኳቸው።

«ምኑ? ጨርቁ እኔን አያውቀኝም።» በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። «ረጃጅሞቹን ሁለት ቁራጮች እናሰፋቸዋለን። የቀሩት ሦስቱ ሣጥኔ ውስጥ ለራሳቸው ቀን ይቆዩ። ያንሰኛል ብለሽ አትስጊ፤ እስከዚያ እከሳለሁ።»

ነጩን እንዳለ ቢለብሱት ምራታቸው ታውቀዋለች። ስለዚህ የልብስ ቀለም እንድገዛ ላኩኝ። ሰማያዊ ገዛሁ። ሻጩ አነካከሩን ግማሹን በዓረብኛ፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ አስረዳኝ፤ አንድ ቃል እየደጋገመ ጣቶቹን እንደ ቆንጣሪ አሻሸልኝ። አልገባኝም። ድገምልኝ ማለት አፍሬ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ጨርቁን በትልቅ ሳፋ ነክሬ ጣራ ላይ አሰጣሁት። ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ሰፋው፤ ደረቱ በአዝራር የሚቆለፍ፣ እጅጌው ሰፊ፣ ከውስጥ ኪስ ያለው። ምን ጨርቅ እንደሆነ አልነገርነውም።

የሴቶቹ ድግስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አዳራሹ ውስጥ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ሲሄድ ቬንቲሌተሩ ሁሉ ይቆምና የሚያብለጨልጩት ቀሚሶች ውስጥ ያሉ ሴቶች በእጃቸው ባገኙት ነገር ይራገባሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የማየው የሆዮን ግንባር ብቻ ነው። ሙሽራዋ አጠገብ ከፍ ያለው መቀመጫ ላይ ናቸው። ጥቂት ላብ አለ፤ እንደ ሌላው ሰው ግን አይወርድም። ሙሽራዋ ክንዷን በክንዳቸው ውስጥ አስገብታ አልለቀቀቻቸውም።

ለፎቶ ተነሱ ሲባሉ ነው ያየሁት። የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ እጅጌ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆኗል። ሻጩ በጣቶቹ ሲያሻሽ ምን ይለኝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀለሙ እንዳይለቅ ጨው ጨምሪበት ነው ያለኝ። ጨርቅ አርጥቤ ሮጥኩ። ምራታቸው ቀድማኝ ደርሳለች፤ የሆዮን እጅጌ ይዛ ታየዋለች።

«ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ይኼ? ከየት ነው የተገዛው?» አለችኝ።

ቅርብ ያሉት ሴቶች በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። ያረጠብኩትን ጨርቅ ወደ ሙሽራዋ እጅጌ ዘረጋሁ።

«ከድሮው ሱቅ ነው» አሉ ሆዮ ሳይነሱ። «ጨርቁ ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ የነካሪዋ ነው።»

ሙሽራዋ ሰማያዊውን እጅጌዋን እያገላበጠች አየችው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በሆዮ በወዲያኛው በኩል ዞረች፤ ተቀመጠችና እጅጌው ነጭ የሆነውን ክንዷን በክንዳቸው ውስጥ አስገባች።

«ትንሽ ቆዩ፣ ይኼኛውም ያንን ይምሰል» አለች። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አውርዳ ጠበቀች።