ለዓሣ ጉርሻ ክልክል ነው

አሶሳ ውስጥ ጥርሴን ላስነቅል የሄድኩበት ክሊኒክ ዘበኛ በሩን ከተወ ሰንብቷል። አሁን የሚጠብቀው ከመጣ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን የዓሣ ገንዳ ነው። ቆቡ የኮሎኔል ይመስላል፤ ሱሪው ግን እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ በየጠዋቱ ቀድቶ ያሳደረውን ውኃ ለዓሦቹ በጄሪካን ይቀይርላቸዋልና። ከስድስቱ ዓሦች ሁለት ቀርተውታል።

«ውኃው ጥርት ብሏል እኮ!» አለው አንድ የባጃጅ ሹፌር።

«መርዝ መቼ ይታያል? ኩሳቸውና የተረፈ ምግባቸው ነው አሞኒያ የሚሆነው።» ከገንዳው በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረበት። አረንጓዴ ሆነ።

«አረንጓዴማ እለፍ ነው!»

«እዚህ ቤት ሙት ነው!»

ዘበኛው ግጭት ካመሳት ከድባጤ ነው የመጣው ይባላል። ለምን ብቻውን እንደመጣ ግን ወሬ የማያመልጠኝ እኔ እንኳ አልጠየቅኩትም።

ይኼኔ አንዲት እናት ዳቦ ቆርሰው ገንዳው ውስጥ ጣል አደረጉ። ዘበኛው ጮኸ። እሳቸው ሁለተኛውን ቆረሱ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል እኮ፣ ልጄ!»

«ይጣሉዎት!» አለ፣ እጁን እስከ ብብቱ ነክሮ ዳቦውን እየለቀመ። «በሕይወት ይኑሩልኝና ይጣሉዎት!» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «የተጣላ ይታረቃል። የሞተ ነው የማይታረቀው።»

እማማ በእጃቸው የቀረውን ቁራሽ እሱኑ አጎረሱት፤ እጁ ውኃ ውስጥ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። ከዚያ ሌላ ቆረሱለት።