ከሥሯ ያላየኋት መኪና

መኪና ስትገዛ ከሥሩ ተኝተህ እይ። ይህን ለስንቱ ሹፌር ተናግሬአለሁ። ከላይ የሚታየው ቀለም ነው፤ ቀለም ማንም ይቀባል። እኔ በዕድሜዬ አንዴ ብቻ ሳልተኛ ገዛሁ፤ የምጽፈው እሱን ነው። ልጆቼ «አባባ፣ ይሄ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ይሉኛል። ይጻፋል። ይዤው መዞር ደክሞኛል።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ከአሰብ ወደብ ወደ መሀል አገር ጭነት የሚያወጣ የመንግሥት መኪና እነዳ ነበር። ባለቤቴ የባቲ ሰው ናት። እኔን ብላ አሰብ ወርዳ ያን ሁሉ ዓመት ሙቀቱን ቻለችው። አንድ ጊዜ ከከባድ መኪና ጋቢና ስትወርድ እግሯ ስቶ ወደቀችና ዳሌዋ ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ ደረጃ እንኳ ስትወጣ ሰው ይደግፋታል። ከባድ መኪና ላይ መውጣት የማይታሰብ ሆነ። እናቷንም ካየች ሦስት ዓመት አለፋት።

አንድ ቀን ከላይ፣ ከባቲ በኩል የመጣ ሹፌር በራችን ላይ ቆመና፣ «እትዬ፣ እናትዎ ተኝተዋል። ሳልሞት ልጄን አምጡልኝ ይላሉ» አላት።

አላለቀሰችም። ውሃ አጠጣችው፣ አመሰገነችው፣ ሸኘችው። ከዚያ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ።

አውሮፕላን ነበረ፤ ግን የሚያወርደው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ ወደ ባቲ በአውቶቡስ መመለስ ለሷ ዳሌ ሞት ነው። ደግሞስ መቀመጫው ሁሉ የባለሥልጣን ነው፤ ማን ለሹፌር ሚስት ይነሣል?

ለጓደኛዬ ለመካኒኩ ነገርኩት። የከረን ሰው ነው፤ ወደቡ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። ማታውን ቤት መጣና፣ «ይሄ ምን ያስጨንቃል? ጋቢና ውስጥ ፍራሽ እናነጥፋለን። አራት ወንድ ሆነን እናወጣታለን» አለ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰማችው። «እንደ ጆንያ ልትጭኑኝ?»

«ምናለበት? ጆንያ አሰብ ላይ ከሰው ይከበራል፤ ደረሰኝ አለው።»

ሳቀች፤ ግን አልጫንም አለች። እኔም ደረቅ ነኝ። «በቤት መኪና ነው የምትሄደው፣ እኔው ነኝ የምነዳት» አልኩ። የቤት መኪና የለኝም። ቃሉ ግን ከአፌ ወጣ፤ እኔ ደግሞ ከአፌ የወጣ ነገር ወደ ኋላ አይመለስልኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዕቃውን እየሸጠ ወደ አገሩ ሊገባ ነው ተባለ። የመርከብ ሥራ ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ቤቱ ባሕሩ ዳር። መኪና አለው አሉኝ። ባለቤቴ ነጭ ሸሚዜን ተኩሳ አለበሰችኝና ሄድኩ።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ አስቀምጦ በረዶ የገባበት የሎሚ ውሃ በብርጭቆ አቀረበልኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰደኝና ሸራውን ገፈፈ። ቀይ ናት። ለሁለት ሰው የተሠራች፣ ዝቅ ያለች፣ ጣሪያዋ ጨርቅ ሆኖ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ለእሽቅድድም የተሠራች የምትመስል። እኔ ያየሁት ግን ወንበሯን ነው። ወንበሯ ከመሬት አንድ ክንድ አይርቅም። ባለቤቴ ዝም ብላ ትቀመጥበታለች፤ መውጣት የለም፣ መደገፍ የለም። ልቤ እዚያው ላይ ተሸጠ።

ጎንበስ ብዬ ቆጣሪውን አየሁት። ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር አልሞላም። ፊደል ዘግይቼ ነው የቆጠርኩት፤ ቁጥር ግን አይስተኝም። እኔ በአምስት ምልልስ የምጨርሰውን እሱ በአሥር ዓመት አልጨረሰውም።

«የት ነው የምትነዳት?» አልኩት።

«ከቤት ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ ቤት» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «እሑድ እሑድ ብቻ። ሌላ ቀን ሸራ ውስጥ ትተኛለች።»

እሱ እውነቱን ነው የነገረኝ፤ አንዲት ቃል አልዋሸኝም። እኔ ነኝ እንደ መኪናዋ ሙገሳ የሰማሁት። አሰብ ላይ ጨው ብረት ሲበላ ስንት ዓመት ያየሁ ሰው ነኝ። የከባዱን መኪና ሆድ በየወሩ የተቃጠለ ዘይት እቀባለሁ፤ ሚሌ ስደርስ ጨው በሌለው ውሃ አጥበዋለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያቺ ቁጥር ዓይኔን ያዘችኝ። መኪና በመሄድ ብቻ የሚያረጅ መሰለኝ።

ልተኛ ብዬ አንድ ጉልበቴን መሬት አስነካሁ። አሸዋው እርጥብ ነው። ሽማግሌው ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ምን ወደቀብህ?» አለኝ።

ነጩን ሸሚዝ አየሁት። «ምንም» አልኩና ተነሣሁ።

ዋጋው ረከሰ፤ ገንዘቡን ከአገር ይዞ መውጣት አይችልማ። በሦስተኛው ቀን ሊብሬው በስሜ ዞረ። መካኒኩ ጓደኛዬ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ። እንደ ሰዓት ይመታል፣ እንከን የለውም።

«ከሥሯ አየሃት?» አለኝ።

«አየኋት።»

ያቺን ቃል ዛሬም እሰማታለሁ። «ቆይ ክሪክ ላምጣ» አላለም። በኔ አመነ፤ እንዴት አያምን፣ እኔ ነኝ እኮ ሌላውን ከመኪና ሥር የማስተኛው።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ወደቡ በር አካባቢ ጭነት የሚጠብቁ ሹፌሮች ሻይ እየጠጡ ነበር። ሲያዩን ተነሡ።

«ጋሼ፣ ጣሪያው ጉምሩክ ተይዞ ነው?»

«አይ፣ በሚቀጥለው መርከብ ይመጣል!» አለ ሌላው።

«እትዬ፣ ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላ የሚይዘው ማነው?»

ባለቤቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አጣፍታ ነበር። «ዝናብ አሰብ ካወቀ እኔ ራሴ እይዛለሁ» አለቻቸው። ሳቁ። እሷም ሳቀች። የእናቷ መልእክት ከመጣ ወዲህ ደስ ብሏት ያየኋት ያን ዕለት ነው። ቡሬ እስክንደርስ ንፋሱ ቀዝቀዝ ያለ ነበር፤ ጸጉሯ ሲበተን እንደ ልጅ እየያዘች ታወራኝ ነበር። እናቷ ምን እንደምትላት፣ መጀመሪያ ምን እንደምትነግራት። «ነገ በዚህ ሰዓት እጇን ይዤአለሁ» አለችኝ። እኔም ኮራሁ። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

ማንዳን እንዳለፍን መንገዱ ሆዱን ያሳይ ጀመር። ጉድጓድ በጉድጓድ ነው።

«ኧረ እግሬን ነፋስ ነካኝ» አለች።

«ክፍት መኪና እኮ ነው።»

«ከላይ አይደለም። ከታች ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችና፣ «መንገዱ ይታየኛል» አለች።

«መንገዱማ ለኔም ይታየኛል።»

«ላንተ ከፊትህ ነው። ለኔ ከእግሬ ሥር ነው።»

ሳላቆም ትንሽ ሄድኩ። ይህንንም አልደብቅም፣ ሄድኩ። ሌላ ጉድጓድ ስንገባ ወንበሯ በአንድ ጎኑ ሰመጠ፤ እሷም በሩን ይዛ ጮኸች። አቆምኩ። ወንበሩ የታሰረበት የወለሉ ላሜራ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። ጎትቼ አወጣኋትና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳት።

እዚያ ተኛሁ። የዝገቱ ፍርፋሪ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በጣቴ ስነካው ላሜራው እንደ ብስኩት ተሰበረ። በኔ በኩልም ያው ነው። ቀለሙ ብቻ ነበር ይዞን የመጣው።

«ይሠራል?» አለችኝ።

«ሽቦ ባገኝ...»

ሽቦ የለም። ከሰዓት በኋላ ከአሰብ የጫነ ከባድ መኪና ደረሰ። ሁለት ሹፌሮች ናቸው፣ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ጠዋት የቀለዱብን ናቸው፤ አሁን አልቀለዱም። ባለቤቴን አዩና ትልቁ፣ «እትዬ፣ እንዴት እናድርግ?» አላት።

«እንደ ጆንያም ቢሆን ጫኑኝ» አለች።

ትርፍ ጎማ አወረዱ፣ በላዩ ሣጥን ደረቡ። አንዱ ከላይ ሳባት፣ እኔና ሌላው ከታች ገፋናት። ስትወጣ ጥርሷን ነከሰች እንጂ ድምፅ አላሰማችም። ከተቀመጠች በኋላ ትልቁ ሹፌር ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ውጣ። ቦታ አለ።»

«መኪናዬስ?»

«ትቁም። ስንመለስ እንጭናታለን።»

«ጎማዋን ፈትተው ይወስዱታል። አልተዋትም።»

«ጋሼ፣ አማትህ እኮ ናቸው የታመሙት።»

«ነገ በሌላ መኪና እደርሳለሁ፣ ሂዱ።»

ባለቤቴ ከመስኮቱ ወደ ታች አየችኝ። «አንተ ሰው፣ ና» አለች። አንዴ ነው ያለችው። ቆሜ ቀረሁ። ምን እንደያዘኝ ብትጠይቁኝ በቅጡ አልነግራችሁም። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ከወደቡ በር አጊጬ የወጣሁባትን መኪና ሜዳ ላይ ጥዬ እንደ ተሳፋሪ መሄድ አቃተኝ።

ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ጥላው የመኪናዋ ጥላ ነው፤ ዝቅ ያለች ስለሆነች ለጭንቅላት ብቻ ነው የሚበቃው። በሁለተኛው ቀን አንድ የአፋር ሽማግሌ ፍየሎቹን ይዞ መጣ። በቅል ወተት ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። አማርኛ ትንሽ ያውቃል።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለኝ።

«መኪና እጠብቃለሁ።»

ዙሪያውን አየ። ድንጋይ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ሰማይ ነው።

«ከማን?»

ቅሉን ተቀበለኝና ፍየሎቹን ነድቶ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ባዶ ተሳቢ የሚጎትት መኪና መጣ። ግን የሚወርደው ወደ አሰብ ነው። ተሳቢውን ከዳገቱ ጎን አስጠግተን መኪናዋን በሳንቃ ገፍተን ጫንናት። እኔም አብሬያት ወረድኩ። ወደ ላይ የሚሄድ መኪና በዚያው ሰዓት አልፎኛል፤ እጅ ነሥቼ አሳለፍኩት።

መካኒኩ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ተሳቢውን አየ። ሲያወርዷት ሥሯን አየ። ዝገቱን በጣቱ ነካና፣ «አይቻታለሁ ብለኸኝ ነበር» አለ።

«በይድልኝ» አልኩት።

«አሁን ወደ ላይ ሂድ። እኔ እበይዳታለሁ።»

«አጠገብህ ካልቆምኩ ቀጭን ላሜራ ትለጥፋለህ።»

የምሄድበት ፈቃድ አልነበረኝም ብል ማን ያውቅብኛል? ነበረኝ። ስድስት ቀን አጠገቡ ቆሜ የበርሜል ላሜራ ሳስቆርጥ፣ ሳስበይድ ሰነበትኩ። በስድስተኛው ቀን ማምሻ አማቴ ማረፋቸውን ሰማሁ። ባለቤቴ ከደረሰች በኋላ ስድስት ቀን ቆይተዋል። ስድስት ቀን! ከማንዳ በእግሬ ብገሰግስ እንኳ ሳልደርስባቸው አልቀርም ነበር።

ባቲ የደረስኩት በከባድ መኪና ነው። የለቅሶው ድንኳን አልፈረሰም። ባለቤቴ ጥቁር ለብሳ ከግድግዳው ጋር ተቀምጣለች። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ። ለቅሶ ደራሹ ሳሳ ሲል፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

«አውቃኛለች። እጄን ይዛ ነው የቆየችው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በሦስተኛው ቀን ‹ባልሽስ?› አለችኝ።»

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «ምን አልሻት?»

«ወደብ ላይ አስቸኳይ ጭነት መጥቶ መንግሥት አስቀረው አልኳት።»

«እሳቸውስ?»

«ረገመቻቸው። ሰውን ከሰው የሚለዩ፣ ዘራቸው አይባረክ ብላ ረገመች። ቀስ ብለሽ እማዬ፣ ሰው ይሰማል አልኳት።»

ያ መንግሥት ብዙ እርግማን ይገባው ነበር፣ እኔም ስንቴ በሆዴ ረግሜዋለሁ። ያቺኛዋ እርግማን ግን የሱ አልነበረችም፤ የኔ ነበረች። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«መኪናዋስ?» አለችኝ።

«ተበየደች።»

«ደግ» አለች።

አዲስ ለቅሶ ደራሾች ገቡ። ልደግፋት እጄን ዘረጋሁ። ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣችና ወደ ሴቶቹ ሄደች።