ለአረፋ የተጠራው የሉዎያንግ ሰው

አክስቴ መሊካ ከሚሴ ተወልዳ፣ ከሚሴ አግብታ፣ ከሚሴ ፈትታ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ያለች ሴት ናት። ርቃ ሄደች ከተባለ ደሴ ድረስ ነው፤ እሱም ጥርሷን ልትነቀል። ሉዎያንግ ስለምትባል የቻይና ከተማ ግን ጠይቋት። የትራክተር ፋብሪካው በር ምን እንደሚመስል፣ ሠራተኛው ማለዳ ምን ቀምሶ ሥራ እንደሚገባ፣ በሚያዝያ ምን ዓይነት አበባ እንደሚፈነዳ ሳትሳሳት ትነግራችኋለች። ሰፈርተኛው ድሮ "መሊካ ቻይና" እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷ ግን በዚህ ቀልድ ስቃ አታውቅም።

ነገሩ የመጣው በዘጠና ሦስት ዓ.ም.፣ ቻይናዎች የእኛን አገር መንገድ ሲሠሩ ነው። ካምፓቸው ከጨፋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ የማሽላው ማሳ ዳር ነበር። መሊካ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ስለነበር የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ውስጥ ተቀጠረች። ባሏን ከፈታች ገና ዓመቷ ነው፤ ሥራውን እንደ ሎተሪ ነበር ያየችው። እኔ ያኔ ደሴ እማር ስለነበር የምነግራችሁን ሁሉ የሰማሁት ኋላ፣ ከእሷና ከሾፌሩ ከአብዶ ነው።

ሚስተር ቼን የካምፑ መካኒክ ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ ከሲታ ሰው። ዕድሜውን የትራክተር ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ አብሮ ተቀንሶ፣ እንጀራ ፍለጋ አፍሪካ ድረስ የመጣ ነው። አማርኛ ያስተማሩት ሾፌሮች ስለሆኑ ስድብ ከሰላምታ ይልቅ ይቀናው ነበር። መሊካን የመጀመሪያ ቀን ሲያገኛት ምን ብሎ ሰላም እንዳላት እዚህ አልጽፍም፤ ያስተማረው አብዶ ለአንድ ሳምንት ከእሷ ተደብቆ ነበር። በዕድሜ ትልቋ ነውና አንቱ ልትለው ሞክራ ነበር፤ አልገባውም፣ ዞር ብሎ ከኋላው ሌላ ሰው ፈለገ። ስለዚህ አንተ ተባባሉ።

ፊልትሮ ወይም ኩሽኔታ ሊወስድ ሲመጣ ፊርማውን ጨርሶ ቶሎ አይሄድም። የከተማውን ፎቶዎች የያዘ ካላንደር ነበረው፤ እሱን አምጥቶ መስኮቷ አጠገብ ሰቀለላት። ከዚያ በኋላ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጁ ከተማውን ይተርክላት ጀመር። ጠዋት በፋብሪካው በር በብስክሌት የሚገባው ሕዝብ የሰንበቴ ገበያን ብዙ እጥፍ ያስከነዳል አለ። ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ሲኒማውም የፋብሪካው ነው። እሱ እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተድሮ፣ እዚያው የሚጦር መስሎት ነበር። ይህን ሲነግራት ፊቱን ወደ ጋራዡ አዞረ፤ መሊካም ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችለት።

ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ አለ፤ ገደሉ ላይ የጥንት ሰዎች ከቋጥኝ የፈለፈሏቸው ምስሎች ተደርድረዋል። የትልቁ ጆሮ ብቻ የሰው ቁመት ያህላል። መሊካ "አስተግፊሩላህ፣ ጣዖት ነው" ስትለው አልተቀየማትም፤ ጆሮውን በእጁ ወደ ታች እየሳበ አሳቃት። በሚያዝያ ደግሞ ጥቅል ጎመን የሚያህል አበባ ይፈነዳል፤ እሱን ለማየት ከአገሩ ሁሉ ሰው ይጎርፋል፤ ማደሪያ አይገኝም። መሊካ አበባ ለማየት ብሎ ባቡር የሚሳፈር ሰው መኖሩን ማመን አቅቷት ነበር።

ከሁሉ የደነቃት ግን ሾርባው ነው። ሠራተኛው በማለዳ ጎድጓዳ ሳህን ይዞ የከብት ሥጋ ሾርባ ይጠጣል፤ እሱ የሚጠጣበት ቤት ባለቤቶች ነጭ ቆብ የሚያደርጉ እስላሞች ናቸው። "አሰላሙ አለይኩም" ብሎ አሰማት። ጎረቤቶቹ ናቸው፤ በዓላቸው ሲደርስ ይጠሩታል፣ በግ ይበላል። ከዚያ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ፣ "እዚህስ?" አላት።

"እዚህማ እኛ ቤት ትመጣለህ" አለች መሊካ። "አረፋ ደርሷል፣ ኢንሻአላህ እኛ ዘንድ ትበላለህ።"

ከልቧ ነው ያለችው። ማታ ግን እቤት ስትናገረው ጎረቤታችን ዘሃራ ነበረች። ዘሃራ አፍ አላት፤ አላህ ይማራት አልልም፣ በሕይወት አለች፣ ዛሬም አፍ አላት። "እባብ የሚበላውን ሰውዬ በየትኛው ሳህን ልታቀርቢለት ነው?" አለች። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለፈት ሴት ደግሞ ወሬው አይበጅም" አለች። አያቴ ሀዲጃ ከጥግ ሆና ትሰማ ነበር። "ሃ ዱፉ፣ ከጠራሽው ይምጣ" አለች። "ሳህን እንደሆነ ይታጠባል።"

መሊካ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ሰውዬው በሰፈሩ መሃል እያሸበረቀ ሲያልፍ፣ ልጆች "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሲከተሉት፣ የቀድሞ ባሏ ወንድሞች ከመስጊድ ሲመለሱ ሲያዩት ይታያታል። በበዓሉ ዋዜማ አብዶን ጠርታ፣ "ሰንበቴ ያለች ዘመዴ በጠና ታማ ሄጃለሁ ብለህ ንገርልኝ" አለችው። አብዶ የዋህ ነው፤ ደንግጦ አላህ ያሽራት አለ። ለሰውዬው ግን በማግስቱ ረፋድ ላይ እነግረዋለሁ ብሎ ሄደ።

የአረፋ ለት ጠዋት አብዶ ካምፑ ሲደርስ ሚስተር ቼን በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ጢሙን ተላጭቷል፤ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዘበኛው እንዳለው ከሶላት በፊት ጀምሮ እዚያው ነው። ቁርስ ሲጠሩት እንኳ፣ የሰው ቤት ጠግቦ አይኬድም ብሎ አልበላም። አብዶ መልእክቱን ሲነግረው ስለ ራሱ ምንም ሳይል በሽተኛዋ ሐኪም ዘንድ ሄዳ እንደሆነ ጠየቀ።

ከበዓሉ በኋላ መሊካ ሥራ ስትገባ ከእሷ ቀድሞ መስኮቱ ጋ ቆሟል። በጣሳ የታሸገ ፍራፍሬ ነበር በእጁ። "ለታመመችው" ብሎ ሰጣት። መሊካ ተቀበለችው፤ ምን ታድርግ? ያን ጣሳ ቤቷ ወስዳ ልትከፍተውም ልትጥለውም አልቻለችም፤ በመጨረሻ ለአንዲት አራስ ሰጠችው። ሰውዬው ግን ባገኛት ቁጥር፣ "ዳነች?" ይላታል። "ደህና ናት" ትላለች። እሷ ናት የምትነግረኝ፤ ያ "ዳነች?" ከምንም ስድብ ይብስባት ነበር።

ሲብስባት፣ እስላም ያልሆነን ሰው ለበዓል ጠርቶ ማብላት ይፈቀድ እንደሆነ ልትጠይቅ የሰፈሩ ሼህ በድሩ ዘንድ ሄደች። ሼሁ ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ። "ማን ከለከለሽ? ያረድሽውን፣ የሠራሽውን ከራስሽ ማዕድ ነው የምታበይው" አሏት። መሊካ ደስ ብሏት ወጣች። ለመውሊድ ልትጠራው፣ አብዶ በመኪና ሊያመጣው፣ አያቴም ልትመርቀው ተወሰነ። ልትነግረው ስትል ግን ምላሷ ተያዘ፤ እንደገና ስትጠራው የፊተኛው ሰበብ ውሸት እንደነበር ቢገባውስ? ዛሬ ነገ ስትል አንድ ጠዋት ሌላ ቻይና መጥቶ ፊልትሮ ጠየቃት። ሚስተር ቼን ውሉ አልቆ አገሩ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ቻይና ብርቅ መሆኑ ቀረ። በሁለት ሺህ ስምንት አረፋ የዘሃራ ልጅ ከሚሠራበት ሦስት ቻይናዎች ይዞ መጣ። ዘሃራ ራሷ እጃቸውን አስታጠበች፣ ጎርሱ ብላ አስጨነቀቻቸው፣ ፎቶም ተነሳች። እኔና መሊካም ተጠርተን ነበር። አክስቴ ጥግ ይዛ ሦስቱን ሰዎች ስታይ ቆየችና ምግቧን ሳትነካ ተነሳች። ተከትያት ወጣሁ፤ ስለ ዘሃራ ልነግራት የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር።

"የዚች ሴትዮ አፍ ነው ያሳሳተሽ" አልኳት ቤቷ እንደገባን። "ሼህ በድሩን ከአረፋው በፊት ጠይቀሻቸው ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ጸጸት የለም።"

ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረችው።

"ዘሃራን ተዋት ሙጂቤ" አለች። "ሼሁ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። ከአረፋው በፊት ያልጠየቅኳቸው ይፈቀዳል እንዳይሉኝ ብዬ ነው።"