ለአባቴ የላክሁት አውሮፕላን

ነገ ለሥራ ዱባይ ልሄድ ዛሬ ማታ፣ ቦንጋ አጠገብ ማንኪራ ባለው ቤታችን ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲመርቀኝ፣ አባቴ ግን ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ዕድሜ ልኩን የንብ ቀፎ በገመድ እየጎተተ ትልልቅ ዛፍ ላይ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው። ቆይቶ ቆይቶ፣ "ይሄ የምትሄጂበት አውሮፕላን ከምን ጋር ነው የሚታሰረው?" አለኝ።

"አይታሰርም አባዬ፣ ይበራል።"

"ያልታሰረ ነገርማ ይወድቃል" ብሎ ተነስቶ ወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በማግስቱ አውሮፕላኑ ውስጥ ስገባ እኔም ክው አልኩ። አዳራሽ ነው እኮ፤ መተላለፊያው ብቻ ሁለት ነው፣ የቦንጋን ገበያተኛ ጠቅልሎ ይወስዳል። አስተናጋጇ ቀበቶዬን ስታስርልኝ፣ "እኔን አሰርሽኝ፣ እሱንስ?" ልላት ምንም አልቀረኝ።

ዱባይ ውጪው እሳት፣ ቤቱ በኤሲ ብርድ። የኛ ዝናብ በሕልሜ ይመጣል። አሠሪዬ ማዳም ማር ብላ የምትበላውን አባቴ ቢቀምሰው፣ ንብ አላየውም ይል ነበር።

አባቴ በገበያ ቀን ቦንጋ እየወረደ ከአንድ ባለሱቅ ስልክ ይደውልልኛል። የባለሱቁ ልጅ ዘይነባ እዚህ ጎረቤቴ ሆና ትሠራለች። "መቼ ነው የምትመጪው?" ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ "በዚያው በማይታሰረው ነው?" ስጋት እንቅልፍ ነሳው። በዓይኑ ቢያየው ልቡ ያርፋል ብዬ፣ ቁርጥ ያንን አውሮፕላን የሚመስል መጫወቻ ገዝቼ፣ ዘይነባ ለእረፍት ስትሄድ ላክሁለት። ፕላስቲኩ ይሰበራል ብዬ የብረቱን መረጥኩ። ጉድ የሠራኝ ይሄ ነው።

"ደረሰኝ" አለ። "በእጄ መዘንኩት። ይቺ እፍኝ የማትሞላ እንዲህ ከከበደች፣ እናቷ እንዴት ልትሆን ነው? አገር በሙሉ ገመድ ቢስብ ከመሬት አያነሳትም።"

"ሞተር አለው እኮ አባዬ።"

"ሞተሩስ ብረት አይደለም?"



ከስንት ልመና በኋላ ማዳም ፈቃድ ሰጠችኝ። "እዚያ ምን አለሽ?" አለችኝ።

"አባቴ።"

"ስልክ የለውም?"

ትኬቴ ተቆረጠ። ደስ ብሎኝ ስነግረው፣ ያ በየገበያው ቀን መቼ ትመጫለሽ ሲለኝ የነበረ ሰው "ቅሪ" አለኝ። "እዚያው ሁኚልኝ። ድምፅሽን እሰማለሁ፤ ድምፅ አይወድቅም።"

እሱ እኮ አርጅቷል፤ ሳላየው ቢያመልጠኝስ?

"በሱ አይደለም" አልኩት። "በመኪና ነው የምመጣው።"

"ከዚያ ድረስ መኪና አለ? በየት በኩል?"

"በጅማ በኩል።" ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ቦንጋ በመኪና የምሄደው በዚያ ነው።

በገበያው ጫጫታ መሃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በይ እንግዲህ፣ ሹፌሩን ቀስ ብለህ ንዳ በይው" አለኝ።