ለሁለት የተከፈለው ኦክስጅን

ታላቅ ወንድሜ አቶ ይግዛው ባለፈው ማክሰኞ ጎንደር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ታላቄ ናቸውና በአንቱታ እጽፋለሁ እንጂ፣ ቢሰሙኝ «ደግሞ ዛሬ ምን ሆንሽ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ የጎንደር ሆስፒታል የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ካቻቢቴ ከኪሳቸው አይጠፋም። ከሳንጃ የመጣ አንድ ገበሬ የኦክስጅኑን ቱቦ ፈርቶ «ምነው አያ፣ ነፍሴን ሊያወጣት ነው?» ቢላቸው፣ ቱቦውን መጀመሪያ በራሳቸው አፍንጫ ላይ አድርገው «ሸጋ ነፋስ ነው፤ አይዞህ» አሉት። የገበሬው ሚስት ማደሪያ ስላልነበራት እሱ እስኪድን እኛ ቤት ከረመች።

ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው የኦክስጅን ሲሊንደር እንደ ልብ መምጣቱ ቀረ። አንዱን ለሁለት በሽተኛ ማካፈል ግድ ሆነ። ችግሩ የአንዱ ቱቦ ሲታጠፍ ወይም ሲላላ የሌላው ፍሰት መዛባቱ ነበር። ወንድሜ ከተበላሹ የማደንዘዣ መሣሪያዎች ላይ ፍሰቱን ባለበት የሚያቆዩ ቫልቮች ፈተው በየቱቦው ገጠሙ። ሐኪሙ ባዘዘው ልክ አንዴ ከተስተካከሉ፣ የሲሊንደሩ ግፊት ቢወርድም ለበሽተኛው የሚደርሰው አይለወጥም። ማንም እንዳይነካካቸው በብሎን አሰሯቸው።

አንድ ቀን አጎቱ የታመመበት ካድሬ መጣና «ጓድ ይግዛው፣ የዚያኛውን ዘግተህ ለዚህ ልቀቅ» አላቸው።

«ሐኪሙ ካላዘዘ አልነካውም» አሉ።

ለዚህች መልስ «ፀረ አብዮት» ተብለው ታሰሩ። ከስተው ጠቁረው ሲፈቱ ቤት እንኳ ሳይገቡ ቫልቮቻቸውን ለማየት ሄዱ። ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ምሳ ሠርቼ በር በር አያለሁ።

ብዙም ሳይቆይ እናታችን፣ እምዬ፣ በሳንባ በሽታ ወደቀች። ከዛሪማ ከመጣች አንዲት አራስ ጋር አንድ ሲሊንደር ተካፈሉ። የቀረው እሱ ብቻ ነበር። እምዬ ትንፋሽ ሲያጥራት ሐኪሙን ለመንኩት። «ብንጨምርላት ሲሊንደሩ ሌላ እስኪመጣ፣ እስከ ነገ አይደርስም፤ አራሷ ደግሞ ያለሱ አትተርፍም» አለኝ።

ወደ ወንድሜ ዞርኩ። «አያ፣ ትንሽ ክፈትላት!»

«እቴ፣ እሷም እኮ እናት ናት።»

«ያንተ እናት ይቺ ናት!»

«ለካድሬው እምቢ ብዬ ታስሬ፣ ለራሴ ሲሆን ልክፈት?»

«አዎ ክፈት! ምን አባቱ!» ብዬ ጮኽኩ።

አልከፈቱም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ተቀምጠው የእምዬን እጅ ያዙ። ጠዋት ላይ ዐረፈች። ሲሊንደር የጫነው ማኪና የደረሰው ከሰዓት በኋላ ነው። አራሷ ድና፣ ልጇን ታቅፋ አገሯ ገባች።

ሰው ሁሉ ወንድሜን አመሰገነ። እኔ ግን ማዕዳቸውን እየቆረስኩ ስንት ዘመን ተቀየምኳቸው። እሳቸውም ያውቁታል፤ አንድ ቀን እንኳ ምነው አላሉኝም። በመጨረሻ አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን ድንገት «እምዬን የገደልኳት እኔ ነኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «በሽታው ነው» አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አያ፣ እንግዲህ አንቱታው ይብቃኝ። ያን ቀን እንደዚያ ያልኩህ ላሳርፍህ ብዬ ነው፤ አንተም አላመንከኝም። አሁን የልቤን ልንገርህ። ካቻቢቴው በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ ዓይኔን ሳላሽ እከፍተው ነበር። ያቺ ምስኪን ትሞት ነበር፤ እኔም እምዬን ይዤ ቤቴ ገብቼ ለጥ ብዬ እተኛ ነበር። አንተ ግን የሰው ነፍስ አትርፈህ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣህ። በል አሁን ዕረፍ፣ ወንድም ዓለም። እምዬን ስታገኛት የጠየቅከኝን እሷኑ ጠይቃት። እኔማ ይኸው፣ አፈር አልብሼህ መጥቼም መልሱ አልቆረጠልኝም።